የእትዬ ጽጌ አረቄ

እዚህ ለንደን የተወለደችው የእህቴ ልጅ ማህሌት ባለፈው ፋሲካ የአሜሪካ ውስኪ ይዛልኝ መጣች። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አነበበችልኝ። የፋብሪካው ባለቤት ቅድመ አያት መጠጥ በተከለከለበት ዘመን ተራራ ለተራራ ተደብቀው ውስኪ ያወጡ ነበር አሉ፤ አሁን ፎቷቸው ከነጢማቸው ተለጥፏል። በርሜሉም አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ ካልሆነ ውስኪውን ቦርቦን ብሎ መሸጥ በሕግ አይቻልም።

«ኩል አይደል፣ ጋሼ?»

ነው አልኳት። ሐሳቤ ግን እዚሁ ለንደን ወዳለው ኤድመንተን ሰፈር ሄደ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰድጄ ስመጣ ያስጠጉኝ እትዬ ጽጌ ነበሩ። ባላቸው አገር ቤት ሲሞቱ የእሳቸው የመኖሪያ ፈቃድ ገና ስላልወጣ ሄደው አልቀበሩም። «ተዝካሩን እንኳ በእጄ ላውጣለት» ብለው አረቄ ማውጣት ጀመሩ፤ ጌሾና ብቅሉ ከአገር ቤት፣ በመቃው ፈንታ የመዳብ ቱቦ። ጥር ነው፣ በብርዱ መስኮት አይከፈት ነገር፤ ሽታው ደረጃውን ሞላው፤ ጎረቤት ከሰሰ።

በተዝካሩ ዋዜማ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ የቀረጥ መሥሪያ ቤት መታወቂያውን እያሳየ ገባ። ከየት እንደመጣ ሳልነግራቸው እትዬ ጽጌ አስቀምጠው ቀዱለት፤ እንዳይጠራጠርም እንደ ደንቡ ቀድመው ቀመሱ። ብጠቅሳቸው መቼ አይተውኝ።

«እርስዎ ነዎት ወይ ያወጡት ይላል» አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ቅመስ፣ ልጄ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ጠላ ቢሆን ማንም ቤቱ መጥመቅ ይችላል፤ አረቄ ግን ያለፈቃድ ማውጣት ወንጀል ነው አለ። ይህንንም ተረጎምኩላቸው።

«እስከ ነገ ይተውልኝ በለው፤ ከዚያ ድስቱንም እኔንም ይውሰድ።»

ነገርኩት። ለመንኩትም። ደጋግሞ አዝናለሁ እያለ አረቄውን ሲንኩ ውስጥ ደፋው፤ ድስቱንና ቱቦውን ይዞ ሄደ።  እኔ ተገትሬ ቀረሁ። ምን አቅም ነበረኝ? በማግስቱ እንግዶቹ ለስላሳ ጠጡ።

በማስጠንቀቂያ ቢያልፏቸውም ዳግም አላወጡም። አሜሪካዊው ሽማግሌ የሚሸሹበት ተራራ፣ ኋላም ፎቷቸውን የሚለጥፍ ዘር ነበራቸው። እትዬ ጽጌ የነበራቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ማድቤት ናት። አምና እሳቸውም አረፉ። ለተዝካራቸው ምን ብናቀርብ ጥሩ ነው? ከሱፐርማርኬት የተገዛ ውስኪ።

ማህሌት ቀድታ ብርጭቆውን ዘረጋችልኝ። «ትራይ አድርገው፣ ጋሼ።»

«ቀድመሽ አንቺ ቅመሺ እንጂ» አልኳት።

ሳቀች። የሚቀዳው ቀድሞ የሚቀምሰው ለምን እንደሆነ ላስረዳት ፈልጌ አቃተኝ።