ጋሽ በዳሳ ያልጠራው ስም

ባለፈው ሳምንት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ እየተነጫነጨ እስከ አንድ ጎሚስታ በር ገፋው፤ እኔም ወርጄ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሽታው የመታኝ ያን ጊዜ ነው። የተፋቀ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ ዝገት የገባበት ውሃ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በጎሚስታ በር ሳልፍ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። የዚያን ቀን ረሳሁት።

ጎሚስታው ሥራውን ያስተማረው ጋሽ በዳሳ እንደሆነና እሱም አምና አዳሚ ቱሉ እንደሞተ ነገረን። ባለባጃጁ ሳቅ አለ። «ያ በሹፌር ላይ በሐሰት የመሰከረው ሽማግሌ?» ጎሚስታው አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ያ ሹፌር አባቴ ነው።

የጋሽ በዳሳ ቤት ከእኛ ሦስተኛው በር ነበር። ጎማ ቤቱ በቆርቆሮ የተከለለ ጥግ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ የእኛ ግድግዳ ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ እናቴም «ደግሞ ተነሣበት» ትላለች። የግራ እጁ ሌባ ጣት ግማሹ የለም፤ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው የበላው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የውስጥ ጎማውን ነፍቶ ገንዳው ውስጥ ይነክርና አረፋውን ፈልጊ ይለኛል። ቀዳዳውን ሳገኝ «ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል፣ ኢንተላ ኮ» ይላል፤ ልጄ ማለቱ ነው። የአዳማ ንፋስ አቧራውን ሲያነሣ በሰፊው ጀርባው ይከልለኛል። ከእኔ ጋር ብዙ አያወራም ነበር፤ ግን አትንኪ፣ ሂጂ፣ ቆሻሻ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ ያላለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነበረች። አባቴ ፊት ነው የሚቀመጠው፤ ሲጸልይ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ጋሽ በዳሳ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው፤ ሲዘምር ከሕዝቡ አንድ ስንኝ ወደ ኋላ ቀርቶ ብቻውን ይጨርሳል። እኛ ልጆቹ በዚያ እንስቅ ነበር። አባቴ የሚኒባሱን የኋላ መስታወት በጥቅስ ሞልቶታል፤ ከውስጥ ሆኖ መንገዱ አይታይም። አንድ ቀን ጋሽ በዳሳ እጁን እየጠረገ አየውና «ጥሩ ነው ወንድሜ፤ የሚያነበው ግን ከኋላህ ያለው ሰው ነው እኮ» አለው። አባቴ ሳቀ። ያኔ ይዋደዱ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት። አባቴ ወደ መቂና ዝዋይ ሊወጣ የፊተኛውን ጎማ ሊያስነፋ መጣ። እኔ ገንዳው አጠገብ ተቀምጬ ዳቦ እበላለሁ። ጋሽ በዳሳ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ሽቦው ወጥቷል። ተነሥቶ ቆመና ቁርጡን ነገረው፣ ይሄ ጎማ ዝዋይ አይደርስም፣ ሰው አትጫንበት አለው። አባቴ የገበያ ቀን ነው፣ ዛሬን ብቻ ነው፣ ሰኞ እቀይረዋለሁ አለ።

«አንተ ንፋልኝ። ጌታ ያደርሰኛል።»

«ጌታማ ይኸው በእኔ አፍ አትሂድ እያለህ ነው።»

አባቴ በዳሳ ነቢይ ሆነ እንዴ ብሎ ቀለደ። ከዚያ ለመነው፣ ቀጥሎ ተቆጣ። ጋሽ በዳሳ በመጨረሻ ነፋለት። አባቴ ሞተሩ ክዳን ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ፤ እኔም ዳቦዬን እንደጎረስኩ አሜን አልኩ።

ጎማው ቆቃ ሳይደርስ ፈነዳ። መኪናው ተገለበጠ፤ ጋቢና የነበረች ሽንኩርት ነጋዴ ሞተች። አባቴ ክንዱ ብቻ ተሰበረ። እኛ ቤት አባቴ በመትረፉ ሦስት ቀን የምስጋና ጸሎት ተደረገ። የሴትዮዋን ስም ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ቤታችን ውስጥ ማንም ጠርቶት አያውቅም።

አባቴ ለፖሊስ የሰጠው ቃል፣ ጎሚስታው ጎማውን አይቶ ደህና ነው ብሎኛል የሚል ነበር። ስለዚህ ጋሽ በዳሳ ለምስክርነት ተጠራ። ከችሎቱ በፊት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከእናቴ ጋር ሆነው ቤቱ ሄዱ። ደህና ነው ብለህ ዋሽ አላሉትም፤ አላስታውስም በል ነው ያሉት። ወንድም ወንድሙን ለእስር አይሰጥም፣ ልጆች አሉት፣ አንተም ብትሆን ነፍተህለታል አሉት። ሻይ አቅርቦላቸው እስኪጨርሱ ሰማቸው። እናቴ መልሱን ቤት መጥታ ድምፁን እያስመሰለች ነገረችን፦ «አላስታውስም ማለት እችላለሁ። ማታ ግን ምን ብዬ ልጸልይ? እሱ የሚለኝን ካላደረግኩ ጌታዬ የምለው ለምንድን ነው?» እናቴ ይሄን ትዕቢት አለችው። እኔም ትዕቢት መሰለኝ። ማን የሰው አባት ለማሳሰር እግዚአብሔርን ይጠራል?

ችሎት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አትሂድ እንዳለው፣ ከዚያም እያወቀ እንደነፋለት፣ የሞተችው ሴት ደም እሱም እጅ ላይ እንዳለ። ዳኛዋ ስትነጋገሩ የሰማ ሌላ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ነበር አለ። ማን? ስሙን አልናገርም አለ። ደጋግማ ጠየቀችው፤ እምቢ አለ። ችሎት ደፍረሃል ተብሎ ሦስት ቀን ታሰረ።

አባቴ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሰፈሩ ግን ለአባቴ ፈረደ። «ይኸው ውሸቱ፤ ማንም ስላልነበረ አይደል ስሙን ያልጠራው?» ትላለች እናቴ ለመጣው ሁሉ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ዝም በይ ያለኝ ሰው የለም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጋሽ በዳሳ ከሦስት ቀኑ እስር ከተፈታ በኋላ በበሩ ሳልፍ ጠራኝ። ሰው አልነበረም። ሹፌሮቹ ወደ ሌላ ጎማ ቤት መሄድ ጀምረው ነበር፤ እሱም ባዶ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሰምተሻል አይደል፣ ኢንተላ ኮ?»

«አልሰማሁም ጋሼ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«አባትሽ ነው። እኔ ተናገሪ አልልሽም» አለ። «የሚልሽ ሌላ ነው። እሱ ደግሞ አይቸኩልም።»

ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው።

አባቴ ሲፈታ መድረክ ላይ ወጥቶ ጌታ ከሐሰተኛ ምስክር እንዳወጣው መሰከረ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እልል ተባለ። ጋሽ በዳሳ የተለመደው ቦታው ላይ ነበር። አግዳሚው ላይ ብቻውን ነበር፤ ግራና ቀኙ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ወጥቶ አልሄደም፤ ዞሬ አይቼዋለሁ። እጆቹን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። እንደዚያ እያለ ሁለት ዓመት ተመላለሰ። ከዚያ ኮምፕረሰሩን ሸጦ ወደ አገሩ አዳሚ ቱሉ ገባ። የሸኘው ሰው መኖሩን እንጃ። እኔ አልሸኘሁትም።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሦስት ሥራ ጀምሬ ሦስቱንም ትቻለሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። መዝሙሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ድምፄም ጥሩ ነው ይሉኛል። ከሚያጨበጭቡት ጋር አጨበጭባለሁ። በልቤ ግን ከእነሱ መካከል ለጌታ የታዘዘ አንድ ሰው አውቅ ነበር፣ እሱንም እኔ ነኝ ውሸታም ያሰኘሁት እላለሁ። የተወልኝ ነገር ቢኖር ያልጠራው ስሜ ነው። ለእኔ ብሎ እንደሆነ ይገባኛል። ሸክም እንደሆነ ግን እሱም ያውቀው ነበር።

ይሄን የምጽፈው ሳሎን ሆኜ ነው። አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ስለ ጋሽ በዳሳ አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እሱ እኮ ሞቷል።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ፣ አባዬ።»

የት ብሎ አልጠየቀኝም።