አበልጄ የመሰከረችልኝ ዕለት

አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ባቋርጥም እጄ ከብዕር አልተለየም። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ላይ የሚያሳየውን አጭር ድራማ፣ በድምፅ ማጉያ የሚያሰማውን ምክር፣ ለዓመታት ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። ወጤን ጥጄ፣ ልጆቼ ከእሳቱ እንዳይጠጉ በአንድ ዓይኔ እየጠበቅሁ እጽፋለሁ። ስጨርስ ለማኅበሩ ሊቀመንበር እሰጣታለሁ፤ እሷ ገበያ መሀል ቆማ ታነበዋለች።

ሊቀመንበሯ አበልጄ ናት፤ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት እኔ ነኝ። በእኛ አገር አበልጅ ከእህት ትበልጣለች። ከአበልጅ ጋር መካካድ ነውር ነው።

ከተማችን ውስጥ ቢሮ የከፈተ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለገጠር እናቶች ትምህርታዊ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ ለጠፈ። በቂ የሥራ ልምድ ላለው ሰው የትምህርት ደረጃ አይጠየቅም ይላል። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ ከቤት ተመልሼ ሄጄ እንደገና አነበብኩት። ደመወዙ ለልጆቼ ያስፈልገኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከደመወዙ ይልቅ ጸሐፊ መባልን ፈልጌ ነበር።

ሲቪ አምጡ ስለሚል በእጄ ጽፌ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ተጫዋች ሴት ነበረች። የትውልድ መንደሬን፣ የጋብቻዬን ነገር፣ የልጆቼን ብዛት አንብባ ሳቀች።

«እትዬ፣ ይሄ ሲቪ ነው ወይስ የንስሐ አባትዎ ፊት ቀርበው ነው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሥራዎን ያስቀድሙ። ምን ጻፉ? ለማን ጻፉ? ተጽፎስ ምን ለውጥ መጣ?»

«ራሴን ላወድስ?»

«እርስዎ ያላወደሱትን ማን ያወድስልዎታል? እዚህ ላይ ትሕትና ዋጋ የለውም።»

ላብ እያጠመቀኝ ነገርኳት። ድራማ ጻፍኩ፤ ለድምፅ ማጉያ ምክር አዘጋጀሁ፤ ከብልባላ በኩል የሚመጡ እናቶች ሰምተው ልጆቻቸውን ማስከተብ ጀመሩ። ውሸት እንዳይገባበት እያንዳንዱን ቃል አስነበብኳት። በመጨረሻ ሥራዬን የሚያውቅ ምስክር ጠየቀችኝ። ሳላስፈቅድ የሰው ስም ማስገባት ስለፈራሁ አበልጄ ቤት ድረስ ሄድኩ።

«ኧረ ምን ትጠይቂኛለሽ!» አለችኝ። «ለአንቺ ያልመሰከርኩ ለማን ልመሰክር ነው?»

ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጉያዬ አድርጌ ወስጄ አስገባሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢሮው አስጠራኝ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ።

«ምስክርዎን ጠይቀናል» አለኝ። «የእጅ ጽሑፍዎ በጣም ጥሩ እንደሆነ ነግረውናል። ሐሳቡን ግን ማኅበሩ እየነገረዎት ነው የሚጽፉት አሉን። ስለዚህ የአዘጋጅነቱን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥተናል። ጽሑፎቹን በትልልቅ ወረቀት ላይ የሚገለብጥልን እንፈልጋለን፤ ፈቃድዎ ከሆነ…»

እሺ ማለቴን አስታውሳለሁ። ከወንበሩ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።

በቀጥታ አበልጄ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ጌሾ ትወቅጣለች።

«ምን ብለሽ ነው የመሰከርሽልኝ?»

«ክፉ ተናገርኩ? ጽሕፈቷ ያማረ ነው አልኩ።»

«ሐሳቡን እኛ ነን የምንነግራት ብለሻል።»

ዘነዘናውን አቆመች። «እና አንቺ ብቻሽን ነሽ? ወረቀትሽን አሳይተውኛል። ጻፍኩ፣ አዘጋጀሁ፣ እንዲህ አደረግሁ! ፀሐይ ላይ ቆሜ የሰካራም ስድብ ስጠጣ የኖርኩት እኔስ የት ገባሁ?»

ይህ ነገሯ ልቤን ነካው፤ መቆሙንስ ቆማለች።

«መቆምሽን አልካድኩም» አልኳት። «አንቺ ግን መጻፌን ካድሽ።»

ወደ ሙቀጫው አቀርቅራ፣ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «አንቺ ቢሮ ከገባሽ ለእኔ ማን ይጽፍልኛል?» አለች። «ወረዳዎች ሲመጡ ባዶ እጄን ልቁም?»

ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብዬ ትንሽ ቆየሁ። መውቀጧን ቀጠለች። ጠላት ብትሆን ገና ከመነሻው እጠነቀቃት ነበር። ለሁሉ ነገር የምጠነቀቅ ሰው፣ ሳልጠነቀቅ ያመንኳት እሷን ብቻ ነበር።

የመገልበጡን ሥራ ጀመርኩ። አንድ ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ቤቴ መጣች።

«አበልጄ፣ ለቅዳሜ አንድ ድራማ ቶሎ ጻፊልኝ።»

«ሐሳቡን ጽፈሽ አምጪ፤ አሳምሬ እገለብጥልሻለሁ።»

ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ቅዳሜ እስከ ቀትር ቢሮ እንገባለን። ወረቀት ወለል ላይ ዘርግቼ የአዲሱን አዘጋጅ ጽሑፍ ስገለብጥ ከገበያው የድምፅ ማጉያው ተሰማ። አበልጄ የአምናውን ድራማ እያነበበች ነበር። «የፍየሏን መድኃኒት ቀን ያልረሳሽ፣ የልጅሽን ክትባት እንዴት ረሳሽ?» ስትል ገበያተኛው በሳቅ አውካካ። ያችን ቃል ያገኘኋት ጎረቤቴ ከፍየሏ ጋር ስትነጋገር ሰምቼ ነበር። ስጽፋት ብቻዬን ስቄአለሁ።

ኃላፊው በመስኮቱ እያዳመጠ ፈገግ አለ። «ጥሩ ይናገራሉ እኮ፣ ሊቀመንበሯ» አለኝ።

«አዎ፣ ጥሩ ትናገራለች» አልኩት። ቀለሙ እንዳይፈስብኝ ጠርሙሱን ራቅ አድርጌ ቀጣዩን መስመር ጀመርኩ።