እትዬ ሃሎ

የእትዬ ሃሎን እውነተኛ ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። እኛ ስልክ መገጣጠሚያ ክፍል የምንሠራው ያወጣንላቸው ስም ከሥራቸው የመጣ ነው። እኔ የስልኩን ክዳን በብሎን አጥብቄ አቀብላቸዋለሁ፤ እሳቸው አፋቸው ላይ ደቅነው «ሃሎ! ይሰማል?» ይላሉ። ከጠረጴዛው ማዶ ሌላውን ስልክ የያዘችው ባልደረባችን «ይሰማል» ማለት አለባት። የእትዬ ድምፅ ግን ያለ ስልክም ግቢውን ስለሚያዳርስ፣ ክፍሉ በሙሉ ባንድ አፍ «ይሰማል፣ እትዬ!» ይል ነበር። በዚህ ሰበብ ስንት ድዳ ስልክ ገበያ እንደወጣ ባልናገር ይሻላል።

ቤታቸው ሌላ ነው። ባለቤታቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጆሯቸው ደክሟል፤ እትዬ እንደሚሉት ደግሞ «የሚደክመው ለእኔ ሲሆን ነው»። ተናግረው መልስ የሚያገኙት እኛ ዘንድ ብቻ ነበር። ሥራቸውን የሚወዱትም ለዚህ ነው።

ታዲያ «መዋቅር ሊስተካከል ነው» ተባለና ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እትዬን ግን ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ ድምፃቸው ሊቀዳ እንደሆነ ነገራቸው።

«እናንተ ለራሳችሁ እዘኑ» አሉን ደረታቸውን ነፍተው። «የእኔስ ሹመት ሳይሆን አይቀርም።»

በማግስቱ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን በሙቅ ውሃ አለስልሰው ተቀዱ።

ድምፁ የተፈለገው ለአዲሱ መፈተሻ ማሽን ኖሯል። ማሽኑ የእትዬን ድምፅ በስልኩ ይልካል፤ በሌላው ጫፍ ድምፅ ከሰማ ያሳልፋል። እሱ ሲገባ እትዬ ተሰናበቱ። የሹመቱ ነገር መጀመሪያ አሳቀን። ወንበራቸው ሲነሳ ግን የሚስቅ ጠፋ።

አንድ ቀን ረስተውት የሄዱትን ነጠላ ጫማ ሊወስዱ መጡ። «ሃሎ! ይሰማል?» አለ ማሽኑ፣ በራሳቸው ድምፅ። ሁላችንም ዝም። ለማሽን ማን ይመልሳል? ደገመ፤ አሁንም ዝም። እትዬ ጫማቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ። ፊታቸው ልውጥውጥ አለ። ቤታቸው የገቡ ሳይመስላቸው አልቀረም።

«እናንተ! አፋችሁን ምን ዘጋው? ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል?»

«ይሰማል፣ እትዬ!» አልን ባንድ አፍ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽኑ በጠየቀ ቁጥር እንመልስለታለን። እሱም ጩኸታችንን እየሰማ ድዳውን ስልክ ሁሉ ያሳልፋል። ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶት «በእትዬ ጊዜ ይሻል ነበር፤ ብንመልሳቸውስ?» ማለት ጀምሯል።

እኛም ድምፃችንን ጨምረናል።