የቲማቲም ሳጥኑ አንቴና

የያዙኝ በሽቦ ምክንያት ነው። ሰው በመሣሪያ ይያዛል፣ በወረቀት ይያዛል፤ እኔን ያስያዘኝ ከቤቴ ጣሪያ ተነስቶ የጎረቤቴ ፓፓያ ዛፍ ላይ የታሰረ ተራ የመዳብ ሽቦ ነው። ጉድ እኮ ነው! ያን ጊዜ ናዝሬት ላይ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያናዊ የገዛሁት የቤት ስቴሪዮ ነበረኝ፤ ድምፁ ሸጋ፣ ጆሮው ግን ደካማ። የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎችን ቀን ቀን ሲያንሾካሹኩ እንጂ ሲናገሩ አይሰማም። ሽቦውን የዘረጋሁለት እንዲሰማልኝ ብዬ ነው። ሰፈሩ ግን "መምህሩ በሽቦ ለጠላት ወሬ ያቀብላል" አለ፤ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው እኔንም ስቴሪዮውንም ሽቦውንም ይዘው ሄዱ።

ያሰሩኝ ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። በሩ ተከፍቶ ገና እግሬን ሳስገባ አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ እስረኞቹ በአንድ ድምፅ "ይማርህ!" አሉኝ። ፈርቼ ነበር የገባሁት፤ እውነቱን ለመናገር ያቺ ቃል ትንሽ አረጋጋችኝ።

ጥጉን የለቀቁልኝ ከመቂ አካባቢ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሽንኩርት ሊሸጡ መጥተው የይለፍ ወረቀት ስላልያዙ ነው የታሰሩት። ልጃቸው ግንባር ነው። ደብዳቤ ካቆመ ቆይቷል። እሁድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮው የኦሮምኛ ሰዓት ወታደሮች ለቤተሰብ ሰላምታ ያስተላልፋሉ፤ እሳቸውም እሁድ እሁድ ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አሁን ሬዲዮ የለም። ጠዋት ሲነጋ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ዛሬ ምንድነው? እሁድ ነው?" ነበር።

ጉዳዬ በቀበሌው ሊቀመንበር እጅ ነበር። እሱ "ንጹሕ ነው" ካለ ወደ ቤቴ፤ ወደ ላይ ካስተላለፈኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል። በጠራኝ ቁጥር ቃሌ አንድ ነው፤ "ይህ ዕቃ ይቀበላል እንጂ አይልክም።"

"ታዲያ ሽቦው ለምን አስፈለገው?"

"ለመስማት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ጆሮ ያለው ነገር አፍ አይኖረውም እንዴ?" ይለኛል፤ ወደ መጋዘኑ ያስመልሰኛል።

አንድ እሁድ አስጠራኝ። ስቴሪዮዬ ቢሮው ውስጥ ብረት ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ከጩኸቱ በስተጀርባ የሰው ድምፅ ያለ ይመስላል፣ ግን ቃሉ አይለይም። "ዜና አይሰማ፣ ምን አይሰማ። ይኼ ዕቃህ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ።

"ጆሮውን ቆርጣችሁት ነዋ" አልኩት። ሳቁን ዋጥ ሲያደርግ አየሁት።

ሽቦውን በጣሪያ ልዘርጋ ብለው ወይ ፍንክች! ጠላት ሊጠራብኝ ነው ብሎ ነው። ጥግ ላይ የመቂ ቲማቲም የመጣበት ባዶ የጣውላ ሳጥን ነበር። "እንግዲያው ሽቦውን እዚህ ላይ ልጠምጥመው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም" አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ሽቦውን አወጣልኝ።

ሬዲዮውን ከብረቱ አውርጄ የእንጨት ወንበር ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። እዝዝ የሚለውን ረጅም ነጭ መብራት አስጠፋሁት፤ ከጩኸቱ ግማሹ አብሮ ጠፋ። ሽቦውን ሳጥኑ ዙሪያ ጠምጥሜ ሁለቱን ጫፎች ከስቴሪዮው ጀርባ አሰርኳቸው። ከቀበሌው ጀርባ ያለው ወፍጮ ግን አሁንም ያጓራል። የእሱ መላ ሳጥኑን ማዞር ነው፤ ቀስ እያልኩ ሳዞረው ወፍጮው ደከመ፣ ደከመና ተናጋሪው ጥርት ብሎ ወጣ። ሳጥኑን ስለቀው ደግሞ ይጠፋል። ይዤው ቆሜ ቀረሁ።

"አንድ ነገር ልለምንዎ" አልኩት። "መስኮቱ ይከፈት።"

የመጋዘኑ በር ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው። ለምን እንዳልኩ ገብቶታል። ከፈተው።

የወታደሮቹ ሰላምታ ተጀምሮ ነበር። ሦስት አራት ሰው አለፈ። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ የአባቱን ስም ጠራ፤ "አካም ጅርቱ፣ አባ ኮ? እንደምን አሉ፣ አባቴ? ደህና ነኝ። በሬውን እንዳትሸጡት" አለ በኦሮምኛ።

ከመጋዘኑ በር የብረት ፍርግርግ ጀርባ ሽማግሌው እየጮኹ መለሱ። "ፈያ! ደህና ነን ልጄ! እናትህም ደህና ናት! በሬውን አልሸጥነውም!"

ሌላው እስረኛ ሳቀ፤ አንዱ "አባባ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም" አላቸው።

"ሰላምታ ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር ነው" አሉና ወደ እኔ ተጣሩ። "መምህር! አንተ ታውቃለህ። ሰምቶኛል?"

ሊቀመንበሩ ጎኔ ቆሟል። ዓይኑን አልነቀለም። "አይሰማም" ካልኩ ስምል የከረምኩበት ቃል ነው፤ ነገ ቤቴ ነኝ። "ሰምቷል" ካልኩ ወንጀሌን በገዛ አፌ አመንኩ። ፍርግርጉን የጨበጡት ጣቶቻቸው ይታዩኛል።

"ሰምቶዎታል አባባ" አልኩ።

"ተመስገን!" አሉና ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይልክም አላልክም?" አለኝ።

"ብያለሁ። ግን ሰላምታ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንዴት ሳይደርስ ይቀራል?"

ሊጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ቢሮው በር ሄዶ ገርበብ አደረገው። ተመልሶ ከስቴሪዮው ፊት ተንበረከከ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፉን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቶ "ወንድምዬ… እኛም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ራስህን ጠብቅ" አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ቀና ሲል እያየሁት መሆኔን አወቀ።

"ምን ታፈጣለህ? ሳጥኑን በደንብ ያዝ!"

በዚያው ሳምንት ስቴሪዮውን አሸክሞ ለቀቀኝ፤ የሽቦውን ነገር ያነሳ የለም። ሽማግሌው ቀድመውኝ ወጥተዋል። ልጃቸው ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መቂን ባለፍኩ ቁጥር ግን በሬ ሳይ ዓይኔ ይቀራል።

ስቴሪዮው አሁንም አለ። ሳጥኑ በምስጥ ተበልቶ ሌላ ተተካለት፤ እሱም የመቂ ነው። ጠዋት ጋዜጠኛው "እንደምን አደራችሁ" ሲል ድምፄን ከፍ አድርጌ "ደህና፣ እግዜር ይመስገን" እለዋለሁ። ባለቤቴ ይኸው ስንት ዓመት "ጃጀህ" ትለኛለች። ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቶ ነበርና ሰላምታው መልስ አጥቶ ቀረ። ትንሽ ቆይታ ከጓዳ ሆና "ደህና ነን!" ብላ ጮኸችለት።