ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ብሬከር

ይህ የደረሰብኝ አምና በበጋ ነው። እስካሁን ፕሮፎርማ የሚል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እኔ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ሰቆጣ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የገጠር ውሃ ፓምፖችን እጠግናለሁ። እዚያው ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ያለች አንዲት ቀበሌ የምትጠጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የዚያ ፓምፕ ብሬከር ተቃጠለ። ብሬከር መብራቱ ሲያብድ ቆርጦ ሞተሩን የሚያተርፍ ዕቃ ነው። የኛ መብራት ደግሞ ሲያሻው ይወርዳል፣ ሲያሻው ይዘላል፤ ተራው ብሬከር አልቻለውም። በሞተሩ ልክ የሚስተካከል ኤሌክትሮኒክ ብሬከር ያስፈልገን ነበር።

የት ባገኘው ጥሩ ነው? ከቢሯችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ! ባለሱቁ ከመደርደሪያ አውርዶ አሳየኝ። ወደ ግዥ ክፍል ሮጥኩ።

«ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» አለኝ ሠራተኛው።

«ወንድሜ፣ እዚህ ከተማ ይህን የሚሸጥ አንድ ሰው ብቻ ነው!»

«መመሪያው ሦስት ነው የሚለው።»

ወልድያ ወረድኩ። አንዱ ሱቅ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል አሉኝ። ሌላው ዋጋ ሲጽፍልኝ «ኤሌክትሮኒክ» የምትለዋን ዘለላት። ሰቆጣ ሳደርሰው «ዝርዝሩ አይመሳሰልም» ተብሎ ተመለሰ። ደግሜ ወረድኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለቀ።

ፓምፑን ልይ ብዬ ቀበሌዋ ስሄድ፣ የውሃ ኮሚቴዋን ሰብሳቢ እማማ ደብሬን ጄሪካን አዝለው ከወንዝ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ውሃው ጭቃ ነው።

«ልጄ፣ እንዲያው በሽቦ ብታገናኘውስ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ያለ ብሬከር ሞተሩ ይቃጠልብዎታል።»

«ልጆቹን እኮ ሆዳቸውን እያመማቸው ነው።»

እያወቅኩ፣ አዎ እያወቅኩ፣ በቀጥታ አገናኘሁት። ውሃው ሲመጣ እሳቸው ሴቶቹን በኽምጥኛ ተጣሩ፤ እልልታው ቀለጠ። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሞተሩ ነደደ።

ከሳምንት በኋላ ግዥ ክፍል አሸናፊውን አሳወቀ። ማን ቢያሸንፍ ጥሩ ነው? ያው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ! ባለሱቁ ብሬከሩን አቧራውን እፍ ብሎ ሰጠኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። መንገድ ለመሻገር አንድ ወር ፈጀብኝ።

ቀበሌዋ ተመልሼ ለእማማ ደብሬ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

«ምነው ልጄ! ሁለት ቀን ሙሉ ንጹሕ ውሃ አጠጥተኸን የለ? ማርያም ትስጥህ» ብለው መረቁኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ምርቃት ትዝ ባለኝ ቁጥር በመመሪያውም በራሴም እናደዳለሁ። ለአዲስ ሞተር ማመልከቻ ከገባ ቆየ። እማማ ደብሬ ዛሬም ከወንዝ ነው የሚቀዱት።