ቁንጭር እናቴን ለምን ተዋት

አክስቴ ግራ ጉንጫቸው ላይ ሰፋ ያለ ጠባሳ አለባቸው። በልጅነታቸው ቁንጭር ወጥቶባቸው ነው። ቁንጭር ሰው አይገድልም፤ ፊት ላይ ቁስል ሆኖ ይከርምና ሲድን ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ገደል ውስጥ ከሚኖሩት ሽኮኮዎች ወደ ሰው የምታሻግረው ደግሞ ከትንኝ የምታንስ ደም መጣጭ ዝንብ ናት። እኔም ይህን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው።

የመመረቂያ ሥራዬን በቁንጭር ላይ አደረግሁ። ሥራው ግን ኮምፒውተር ላይ እንጂ ላብራቶሪ ውስጥ አልነበረም። ተሕዋሱ የተሠራባቸው ፕሮቲኖች በረጃጅም የፊደል ሰልፍ ተጽፈው ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። የእኔ ድርሻ ከእነሱ መካከል የሰውነታችን መከላከያ ለይቶ ሊያውቃቸው የሚችሉ ቁርጥራጮችን በፕሮግራም መፈለግ ነበር። እንዲህ የተገኘ ቁራጭ አንድ ቀን ክትባት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ወር ከሠራሁ በኋላ አንዱ ቁራጭ ከሁሉም የበለጠ ነጥብ አግኝቶ ወጣ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ አማካሪዬ ቢሮ ሄድሁ። አማካሪዬ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ካዩ በኋላ፣ «ከሰው ፕሮቲን ጋር አስተያይተሽዋል?» አሉኝ።

አላስተያየሁትም ነበር። እዚያው ተቀምጬ ሳየው በራሳችን ሴል ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር መንታ ሊባል ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለ ክትባት የተወጋ ሰው፣ ሰውነቱ ዞሮ ራሱን ሊያጠቃ ይችላል። ሰረዝሁት። ተከታዩም እንደዚያው ሆነና ሰረዝሁት።

ቅዳሜ ሆድ ብሶኝ አምበር ከተማ ወደሚኖሩት አክስቴ ሄድሁ። እናቴም ለጥየቃ መጥታ እዚያው አገኘኋት። አክስቴ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጬ ሲያዩኝ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ፤ እንደቻልሁት አስረዳኋቸው። ቁንጭር አንዴ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው አሉኝ። ክትባት ይገኛል ብለን ተስፋ የምናደርገውም በዚሁ ምክንያት ነው አልኋቸው። እሳቸውም ጠባሳቸውን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ።

«እኔና እናትሽ አንድ መደብ ላይ ነው የምንተኛ፤ እንጨትም የምንለቅም ካንድ ገደል ሥር። እኔን ይዞ እሷን ለምን ተዋት?»

እናቴ ዕድል ነው አለች። እኔም ምናልባት ዝንቧ አልነከሰቻት ይሆናል አልሁ።

«እኔን በልታ በእሷ ጊዜ ጾም ያዘች?» አሉ አክስቴ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የአክስቴን ጥያቄ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። የተሕዋሱን ቁርጥራጭ ይዘው ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩት ሞለኪውሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ የአንድ እናት ልጆች እንኳ አንድ ዓይነት ላይወርሱ ይችላሉ። ምናልባት እናቴን የተዋት ለዚህ ይሆናል። ታዲያ የእኔ ፕሮግራም ሲያሰላ የከረመው ለማን ሰውነት ነው?

ሰኞ ጠዋት ከፍቼ አየሁት። አብሮት የመጣው የሞለኪውል ዝርዝር በአብዛኛው ከሌላ አገር ሰዎች የተወሰደ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ስለ ኢትዮጵያውያን የተጻፈውን ብፈልግ ጥቂት ነው ያገኘሁት። ያንኑ ጥቂት አስገብቼ እንደገና አስጀመርሁት። መብራት እየሄደ እየመጣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ቅደም ተከተሉ ተለውጦ፣ ከታች ስለነበረ ዓይቼው እንኳ የማላውቀው ቁራጭ ወደ ላይ ወጥቷል። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ ለማንም ሳልናገር መጀመሪያ ከሰው ፕሮቲን ጋር አስተያየሁት። የሚመስለው አልተገኘም።

አማካሪዬ ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። ከአክስቴ ነው ስላቸው አልሳቁም። አዲስ አበባ ላብራቶሪ ውስጥ ለሚሠሩ ጓደኛቸው ጻፉ። እዚያ ይኸው ቁራጭና ከእሱ ቀጥለው የወጡት ሁለቱ ተሠርተው፣ ከቁንጭር በዳነ ሰው ደም ሊሞከሩ ሆነ። የምርምር ፈቃዱ ብዙ ወራት ወሰደ። ሲገኝ አክስቴ በራሳቸው ፈቃድ ደም ሰጡ። ደም የወሰደችው ነርስ የስምምነት ቅጹን አንብባላቸው በጣታቸው ሲፈርሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውጤቱ እንዳይደበቅባቸው።

ከተሞከሩት ሦስት ቁርጥራጮች ሁለቱን የአክስቴ ሴሎች ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ለወጣው ግን ደከም ያለ ምላሽ ሰጡ። አማካሪዬ በአንድ ሰው ደም ምንም ማለት እንደማይቻልና በብዙ ሰው መደገም እንዳለበት ነገሩኝ። ለአክስቴ ስልክ ደወልሁ።

«ደሜ አወቀው ማለት ነው?» አሉኝ።

«ያወቀው ይመስላል። ግን እርግጠኛ አይደለንም፤ ምናልባትም ተሳስተን ይሆናል። በብዙ ሰው ደም መደገም አለበት» አልኋቸው።

የሚከፋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ለካ ሰው እየቆጠሩ ኖሯል። ጠባሳ ያለባቸው ሁለት ጎረቤቶች እንዳሏቸው፣ አንዲት የይጁቤ ዘመዳቸውም እንደምትጨመር ነገሩኝና ቅጹ በእጄ እንዳለ ጠየቁኝ። የሚቀጥለው የገበያ ቀን ላይ ሁሉንም ሰብስበው ሊጠብቁኝ ተስማማን።