ለመርከብ ለቅሶ ወደ ዊልያምስታውን

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ኖርዝ ሜልቦርን

ጎህ ሲቀድ ጋሼ ብርሃኑ በሬን አንኳኩ። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ከረባት፣ በብብታቸው በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ። የሰንሻይን ሰፈር መጋዘን ባልደረባቸው ሚስተር ኬን በወጣትነቱ ያገለገለባትን መርከብ አንስቶ «ከሄደች ወዲህ አላየኋትም» ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለጋሼ «ሄደች» ማለት ሞተች ማለት ነው፤ ስለዚህ ለቅሶ ልንደርስ ነው። እኔ አስተርጓሚ።

«ለመርከብም ለቅሶ ይኬዳል?» አልኳቸው።

«አንተ መርከበኛ አይደለህም፤ ዝም ብለህ ኮትህን ልበስ» አሉኝ።

ጋሼ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ መርከባቸው የመን ሸሽታ እዚያው ዝጋ ቀረች። ይኸው ስድስት ዓመት፤ «እግዜር ያጽናዎት» ያላቸው የለም። ይህን የነገሩኝ ሚስታቸው እትዬ አበባ ናቸው፤ ጋሼ ራሳቸው ትንፍሽ አይሉም።

1 ሰዓት፣ ባቡር ውስጥ

ፉትስክሬይ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ የእንቅልፍ ፊቶች። ኒውፖርት ላይ የባሕር ሽታ ገባ። ጋሼ ዳቦውን አሸክመውኝ መስኮቱን ከፈቱ።

2 ሰዓት፣ ዊልያምስታውን

ሚስተር ኬን በቁምጣ አትክልት ያጠጣል። ጥቁር ለብሰን ሲያየን ሰባኪዎች መስለነው በሩን ሊዘጋ ነበር። ጋሼ ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። የመጣንበትን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

መርከቧ፣ አውሮፕላን ተሸካሚዋ፣ ለካ አልሞተችም! እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠሯት፣ ስሟንም «በቀል» አሏት። የምትበቀለው ሳታገኝ ጦርነቱ አለቀ። ብርዱን ትችል እንደሆነ ወደ ሰሜን ዋልታ ሰደዷት። ከዚያ ለአውስትራሊያ በውሰት ተሰጠች። የእንግሊዝ ንግሥት ስትመጣ መርከበኞቹ በመርከቧ ጀርባ ላይ ተሰልፈው በአካላቸው የንግሥቲቱን ፊርማ ጻፉ፤ ሚስተር ኬን የፊርማው ጭራ ላይ ነበር። ውሰቷ ሲያልቅ ተመለሰች፣ ለብራዚል ተሸጠች፣ ዛሬም እዚያ ታገለግላለች።

ጋሼ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ለቅሶ መጥቶ ሟችን በሕይወት ማግኘት ያሳፍራል።

«ያንተስ መርከብ?» አላቸው ሚስተር ኬን፤ የባሕር ኃይል ሰው እንደነበሩ ያውቃል።

«የኔ ሞታለች» አሉ ጋሼ በራሳቸው እንግሊዝኛ። «ቀባሪም አላገኘች።»

ሳቁ ጠፋ። ሚስተር ኬን ዳቦው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሐዘን ለደረሰበት ነው አልኩት። ለሐዘንተኛ ምን እንደሚባልም ጠየቀኝ። ሦስቴ አስጠናሁት። ከዚያ ዳቦውን አንስቶ የጋሼ ጉልበት ላይ አኖረና «እግዜር ያጽናዎት» አለ። ጋሼ አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም።

6 ሰዓት፣ ጋሼ ቤት

እትዬ አበባ በሩን ከፍተው ያልተቆረሰውን ዳቦ አዩ። «ምነው፣ ለቅሶው ቤት አልደረሳችሁም?»

«ደረስን» አሉ ጋሼ ከረባታቸውን ሳይፈቱ። «እኛው ቤት ነው። ወንበር አውጪ።»